ያልሸኘ የማይሸኝበት ሆቴል

ለተግባር ልምምድ ከተላክኩበት ሆቴል አንድም እንግዳ ወጥቶ አያውቅም። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ አንሶላው ንጹህ ነበር፣ ሠራተኛው ትሁት ነበር። እንግዳ ግን አይወጣም።

በዚያ አገር ሕግ የመስተንግዶና የቱሪዝም ተማሪ ትምህርቱን ጨረሰ የሚባለው አንድ እንግዳ ተቀብሎ፣ አስተናግዶ ሲሸኝ ነው። ሦስቱም በመስተንግዶው ሹም አፍ፣ በሰው ፊት መነገር አለባቸው፤ «ተቀብላለች፣ አስተናግዳለች፣ ሸኝታለች» ተብሎ። ይህ ያልተባለለት ሰው በየትኛውም ሆቴል ሳህን አያነሳም። እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ ስለ ፈገግታ ዓይነቶች፣ ስለ ጎብኚ ሥነ ልቦና፣ ስለ ትራስ ታሪክ ተምሬያለሁ። የትሪ አያያዝ ትምህርትም ነበረን። ትሪው ግን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ መምህሩ ከውጭ በዱላ እያመለከተ ነበር የሚያስተምረን። ስለዚህ ስመረቅ ትሪን ከአራቱም አቅጣጫ መሳል እችል ነበር፤ አንስቼው ግን አላውቅም።

ወደ ሆቴሉ የሄድኩት እጄን በሥራ ለማስገባት ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሆቴሉ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከግርጌው የአገሩ ትልቁ አውራ ጎዳና ያልፋል። በሩን የከፈተልኝ ሰው ጸጉሩ በጆሮው ዙሪያ ሸብቷል። አጎንብሶ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

«ተለማማጅ ነኝ» አልኩት።

ቀና አለ። «እኔም ነኝ» አለ።

ጌታነህ ይባላል። ልምምድ ላይ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠየቅኩት። ይህ ጥያቄ በግቢው እንደ ነውር እንደሚቆጠር ያወቅኩት ኋላ ነው።

የመስተንግዶው ሹም አቶ ድንበሩ አዲስ ተለማማጆችን ሰብስቦ የሆቴሉን ታሪክ ነገረን። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ድሮ ሆቴሉ ከመንገድ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር አለ። ተለማማጆች በአንድ ዳኛ ጭን ላይ ሾርባ ደፉ፤ አንድ መነኩሴን ለሙሽሮች በተዘጋጀ አልጋ አስተኙ። አገር ተዋረደ። ከዚያ ወዲህ ልምድ የሌለው ሰው እውነተኛ እንግዳ እንዳያስተናግድ ተወሰነ።

«ልምዱን ከየት ያገኛል?» አልኩ።

«ከልምምድ እንግዶች።»

«እነሱን ካስተናገደ በኋላ ወደ እውነተኞቹ ይሄዳል?»

«ክፍል ሲለቀቅ።»

«ክፍል መቼ ይለቀቃል?»

«እንግዳ ሲሸኝ።»

«ማን ይሸኘዋል?»

«የመሸኘት ልምድ ያለው» አለ አቶ ድንበሩ። «ያልሸኘ አይሸኝም። ለዚህ ነው አገራችን በሽኝት አንድም ስህተት ያልተሠራባት።»

የሚስቅ ሰው እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ። ጎኔ ያለው ልጅ የሰማውን እየጻፈ ከሥሩ መስመር ያሰምርበታል።

የልምምድ እንግድነት በዚያች ከተማ የተከበረ ሙያ ነው። ሰው ተመርጦ ጠባይ ይመደብለታል፣ ክፍል ይሰጠዋል። ቁጡው እንግዳ ሾርባው ምላሱን እየላጠውም ቢሆን «ቀዝቅዟል» የማለት ግዴታ አለበት። አዲስ ሙሽሮቹ ከተመደቡ ብዙ ዘመን አልፏቸው፣ ተጣልተው፣ ቃል አይለዋወጡም። ቁርስ ላይ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው መቀመጥ ስላለባቸው ሙሽራው በግራ እጁ መብላት ለምዷል። የባሕር ማዶው ጎብኚ ደግሞ ደምሰው የሚባል፣ ከኮረብታው ጀርባ ካለው መንደር የመጣ ሰው ነው። የተመደበው ቋንቋችንን እንዳይሰማ ነው። የጉብኝት ተለማማጆች በየሳምንቱ ይዘውት ወጥተው የገዛ እናቱን ቤት ያስጎበኙታል። እሱም ፎቶ ያነሳና ቤቱ ስንት ዘመን እንደሆነው በእጁ ምልክት ይጠይቃል። እናቱ ከደጃፋቸው ሆነው «ምነው ከሳህ? አይመግቡህም እንዴ?» ሲሉት አስጎብኚው «እናታችን እንኳን ወደ አገራችን በደህና መጡ እያሉ ነው» ብሎ ያስረዳዋል። ደምሰውም አንገቱን ይነቀንቃል። የጉብኝት ጉዞው መመለሻ ያለው ስለሆነ እንደ መውጣት አይቆጠርም።

እውነተኛ መንገደኞች አልጠፉም። ዝናብ ሲጥል በተለይ በሩ ድረስ ይመጣሉ። ጌታነህ አጎንብሶ «ሞልቷል» ይላቸዋል። እንደ እሱ አሳምሮ «ሞልቷል» የሚል ሰው በአገሩ የለም፤ አንዳንዱ መንገደኛ አመስግኖት ነው ወደ ዝናቡ የሚመለሰው።

ትሪ አነሳሁ። ወደቀብኝ፣ ደግሜ አነሳሁ። አልጋ አነጠፍኩ። ቁጡው እንግዳ ሾርባዬን ቀዝቅዟል አለኝ፤ እውነትም ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለታችንም ደነገጥን። በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ተቀብላለች» ተባለልኝ። ቀሪው ማስተናገድና መሸኘት ነው።

ለመሸኘት ምትክ የሚሆን «የኮሪደር ሽኝት» የሚባል ልምምድ አለ። እንግዳው ባዶ ሻንጣ ይዞ ከክፍሉ ይወጣል፤ ተለማማጁ «መልካም መንገድ፣ ደግሞ ይምጡ» እያለ ይከተለዋል፤ ሠራተኛው ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል። እንግዳው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከትልቁ የአበባ ሸክላ ዘንድ ሲደርስ ይዞርና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ግማሽ ሽኝት ይባላል። ሁለት ግማሽ ሲደመር አንድ አይሆንም ወይ ብዬ አቶ ድንበሩን ጠይቄዋለሁ። «ሁለት ግማሽ ይሆናል» አለኝ።

ጌታነህ ከማንም በላይ ግማሽ ሽኝት አለው።

«ምን ያስቸኩልሻል?» አለኝ አንድ ቀን፣ የልብስ ማጠቢያው ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣን። «አውቶቡስ አመለጠሽ?»

«አንተን ሳይ ነው የሚያስቸኩለኝ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበይኝ። የአንድ ዘመን ተለማማጆች ነን።»

«እኔ እዚህ አልሸብትም።»

«እኔም ብዬ ነበር» አለ፤ ቅር ሳይለው። «ከዚህ ጣሪያ ላይ ነው ያልኩት። አንሶላው ሌላ ነበር።»

የተመደበችልኝ እንግዳ ወይዘሮ የሺመቤት ነበረች፤ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት። የተሰጣት ጠባይ «የቸኮለች እንግዳ» ነው። በየማለዳው ልብሷን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና «መኪናዬ መጣ?» ትላለች። ተለማማጁ «በቅርቡ ይደርሳል፣ እመቤቴ» ማለት አለበት። ከዚያ ቁርስ ይቀርባል። ሌሎቹ የልምምድ እንግዶች በሥራዋ ይቀኑ ነበር፤ እንደ እሷ አድርጎ የሚቸኩል የለም ይባላል። አቶ ድንበሩ አዲስ ለሚመደቡ እንግዶች በምሳሌነት ያሳያታል።

ለተወሰነ ጊዜ የተባልኩትን መለስኩላት። አንድ ማለዳ ግን ሰለቸኝ።

«እትዬ የሺመቤት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ የፈተናው አካል ነው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የጠየቅኩ።»

«ወደ ጨው ከተማ» አለች። «እህቴ ዘንድ። ልታገባ ነው።»

«መቼ?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ ያዘች፣ ለቀቀች። «ያኔ ነው» አለች።

የዚያን ዕለት ቁርሱ በጠረጴዛው ላይ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሺመቤት የልምምድ እንግዳ ሆና አልተቀጠረችም። መንገደኛ ነበረች። የተሳፈረችበት መኪና ተበላሽቶ አንድ ሌሊት ልታድር ወደ ሆቴሉ ወጣች። ያን ቀን ከእሷ በፊት የቸኮለው እንግዳ የነበረው ሰው ታሞ ቤተሰቦቹ ተሸክመው ወስደውት ነበርና፣ ይህም እንደ መውጣት አይቆጠርም፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ አስገቧት። በማግስቱ ልሂድ ስትል ተለማማጁ ገና ማስተናገዱን አልጨረሰምና አንድ ቀን ጨምሪለት ተባለች። ጨመረችለት። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ መጣ። ልሂድ ባለች ቁጥር አጠገቧ የቆመው ሰው ለሹሙ «ሰማህ፣ እንዴት አድርጋ እንደምትለው?» ይላል። በመጨረሻ ሹመት ሰጧት።

«ለምን ዝም ብለው አልወጡም?» አልኳት።

«በሩ ያለ ሸኚ አይከፈትም።»

«በሩ እጀታ አለው፤ ቁልፍ የለውም። አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ» አለች፣ ተቆጥታ። «ያለ ሸኚ መውጣት ተባራ እንደመውጣት ነው። ደግሞ አልጋው ጥሩ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ወጣት ‹እርስዎ ከሄዱ ማንን ላስተናግድ?› እያለ ሲያለቅስብኝ… በቃ በሩ ነው በይው። በሩ ነው።»

«ለእህትዎ ምን ሊነግሯት ነበር?»

ፊቷ በራ። ንግግሩ እንዳለ ተቀምጧል፤ አንድ ቃል አልወደቀም። እህቷ ልታገባው የነበረው ሰው በነገሩ ሁሉ የሚስቅ ሰው ነው። ቀብር ላይ ይስቃል፣ ገበያ ላይ ይስቃል፣ ሳይሰማ ይስቃል። የሺመቤት ጉዳዩ በአካል መነገር እንዳለበት አምና ነበር የተነሳችው፤ እንዳታገቢው ልትል።

«እስካሁን አግብታው ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል። ልጅም ወልዳለት ይሆናል። ቢሆንም ሰምታኝ ትወቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝኩ ማለት እችላለሁ። ጣሪያው ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ከታች የሚያልፉትን አውቶቡሶች ስመለከት ከረምኩ። የጨው ከተማው ሰማያዊ ነው፤ ማለዳ፣ የገበያ መኪኖቹ ካለፉ በኋላ፣ ኮረብታው ግርጌ ቆሞ ሰው ይጭናል። ጫማዋን ከቁም ሣጥን አወጣሁት፤ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ቅባት ቀባሁት። እግሯ በሆቴሉ ነጠላ ጫማ ተንሰራፍቶ አልገባ አለ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስገባነው። ሻንጣዋ እጀታ አልነበረውም፤ በአሮጌ ቀበቶ ሠራሁለት። ከወጥ ቤት ዳቦና ቆሎ ለመንገድ አዘጋጀሁ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጎብኚ ፍላጎቶች የሚያስረዳ ፒራሚድ ተምሬያለሁ፤ ፒራሚዱ ላይ ጫማ አልነበረም።

ትልቁ ችግር የአውቶቡሱ ደረጃ ነበር። ከፍ ያለ ነው፤ እሷ ደግሞ ደረጃ ከወጣች ቆይታለች። የለስላሳ ሳጥን ደፍቼ ግቢው ውስጥ አስቀመጥኩና እንድትወጣበት አደረግኩ።

«ጉልበትዎን ያንሱት።»

«ጉልበቴ ታላቅሽ ነው፤ በአክብሮት ንገሪው።»

«እባክዎ፣ ጋሽ ጉልበት፣ ይነሡ።»

«እንዲህ ነዋ!» አለች፤ አንድ እግሯን ሳጥኑ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዬን ጨምድዳ ይዛ። በሦስተኛው ሳምንት ትከሻዬን ሳትይዝ ወጣች።

አቶ ድንበሩ ከመስኮቱ ያየን ነበር። ወርዶ እጄን ጨበጠኝ። ይህን የመሰለ ማስመሰል በሆቴሉ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም አለ። የሺመቤትን «እጅግ የቸኮለች እንግዳ» ብሎ ሾማት። ለእኔም በዚያው ግቢ ውስጥ «አስተናግዳለች» አለልኝ።

አንድ ቃል ቀረኝ።

ልንወጣ በቀጠርነው ማለዳ ዋዜማ የሺመቤት ጫማዋን አውልቃ አልጋው ሥር ደበቀችው። «ተይው» አለች። «እህቴ ረስታኛለች። እዚህ ስሜን የሚያውቅ አለ።»

አላባበልኳትም። ማባበል ቢሆን እስከዚያ የነበሩት ሁሉ አባብለዋታል። «እሺ» አልኩ። «ሰውዬው ግን እየሳቀ ነው።»

ጎንበስ አለችና ጫማዋን ሳበችው።

በማግስቱ ሻንጣውን ይዤ ከክፍል ወጣን። ሠራተኛው የኮሪደር ሽኝት መስሎት ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ጭብጨባ ተጀመረ። ቁጡው እንግዳ ሳይቀር በሩን ከፍቶ ያጨበጭባል። የሺመቤት ዳንቴል ሻሿን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ፣ በዚያ ጫማ እያነከሰች ሄደች። የአበባው ሸክላ ዘንድ ደረስን። አልዞርንም።

ጭብጨባው ከኋላ ወደ ፊት እየቀነሰ መጥቶ ቆመ።

«እመቤቴ፣ የሚዞሩት እዚህ ጋ ነው» አለ አቶ ድንበሩ።

«የሚዞርበትን አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ካንተ በፊት ነበርኩ።»

«ውይ፣ እውነትም ልትሄጂ ነው?» አለ ደምሰው፣ የባሕር ማዶው ጎብኚ፣ ጥርት ባለ የአገሩ ቋንቋ። አስጎብኚው ደንግጦ ወደ ሕዝቡ ዞረና «ጎብኚያችን መገረማቸውን እየገለጹ ነው» ብሎ አስረዳ።

አቶ ድንበሩ እየሮጠ ቀድሞን በሩ ፊት ቆመ። አልጮኸም። ጮሆ አያውቅም።

«ሽኝት ነው?» አለኝ።

«ሽኝት ነው።»

«ልምዱ አለሽ?»

«ስመለስ ይኖረኛል።»

«ያልሸኘ አይሸኝም። ጌታነህ! አንተ ሸኝተህ ታውቃለህ?»

ጌታነህ ከሰልፉ መካከል «የኮሪደር» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሰማሽ? እሱ እንኳ።» ወደ ጆሮዬ ቀረበ። «ስሚኝ፣ ልጄ። በዚህ በር የሚወጣ እንግዳ ብቻ ነው። ከወጣሽ ተለማማጅ አልነበርሽም ማለት ነው፤ እንግዳ ነበርሽ። የተባለልሽ ሁሉ ለእንግዳ አይባልም፤ ይሻራል። ከዚህ አገር አንድም ሆቴል አይቀጥርሽም። አሁን ብትዞሪ ግን፣ እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ‹ሸኝታለች› እልልሻለሁ። ከነገ ጀምሮ የሽኝት አሠልጣኝ ትሆኛለሽ። የመጀመሪያዋ።»

እየዋሸኝ አልነበረም። የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ያን ቃል ለመስማት ነበር የመጣሁት። ጌታነህ ጸጉሩ የሸበተው ያን ቃል እየጠበቀ ነው። ቃሉ አቶ ድንበሩ አፍ ላይ ደርሶ አየሁት፤ ከንፈሩ ተዘጋጅቷል። እኔም እውነቱን ለመናገር አመነታሁ። ሻንጣውን ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩ።

ከታች የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ከዚያ የረዳቱ ድምፅ፤ «ጨው ከተማ! ጨው ከተማ! ሁለት ሰው የቀረው!»

የሺመቤት እጇን ዘረጋችልኝ። «ስጪኝ ሻንጣውን። አንቺ ቅሪ፣ ቃልሽን ተቀበይ። እስካሁን ያደረግሽው ይበቃል።»

ሻንጣው ከባድ ነው። እስከ መንገዱ ያለው ቁልቁለት በዝናቡ ተቦርቡሯል። የአውቶቡሱ ደረጃ ከለስላሳው ሳጥን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህን ከእኔ በቀር በዚያ ኮሪደር የሚያውቅ አልነበረም።

«እስከዚህ ድረስማ ሁሉም ሸኝቷል» አልኳት።

አቶ ድንበሩን በእጄ ገለል አደረግኩት። ከባድ ሰው አልነበረም። እጀታውን ስጫነው በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ። ብርድ ገባ። የሺመቤት መድረኩን በቀኝ እግሯ ተሻገረች፤ ጉልበቷን ማንም ሳይለምነው አነሳችው።

ጌታነህ ከሰልፉ ወጥቶ ተከትሎን ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። «እንዴት ነው የሚደረገው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት።

«ዕቃቸውን ትይዛለህ፤ አብረሃቸው ትወጣለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄደዋል።»

እግሩን አነሳ። ቁልቁል አየው። መልሶ ምንጣፉ ላይ አሳረፈው።

«ፍጠኚ እንጂ አንቺ ልጅ!» አለች የሺመቤት ከቁልቁለቱ አፍ ላይ። «መኪናዬ መጥቷል!»

ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ለእንግዳ በር መክፈት በሁለተኛው ዓመት ተምሬያለሁ፤ በየትኛው እጅ፣ በምን ያህል ፈገግታ። እንግዳ ከወጣ በኋላ የሚዘጋው ማን እንደሆነ ግን በየትኛውም ትምህርት አልተነገረኝም። ወጣሁና እጀታውን ይዤ ወደ እኔ ሳብኩት፤ የመዝጊያው ምላስ ቀጭ ብሎ እስኪገባ።